ዳታው አልገጠመም ላላችሁኝ ተመራቂዎች

ሰሞኑን አዳማ የሚማር አንድ የአምስተኛ ዓመት ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው ውጤት ከጠበቁት ጋር አልገጠመም። አንድ ሲኒየራቸው "ቁጥሩን ነካ ነካ አድርጉና ግራፉን አሳምሩት፤ ማን ያየዋል?" ብሏቸዋል። "ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። እሱ ሳያውቅ የቆየ ቁጭት ነካካብኝ።

ያደግሁት አዳማ ነው። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አሁንም ስሟ ያመልጠኛል። ጥርሴ የበለዘውም እዚያው ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርስ ገና ከድድ ሳይወጣ በልጅነት ከተጠጣ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ በብሩሽም በሎሚም አይለቅም። ወንጂ በኩል የባሰ ነበር፤ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው አንገትና ወገባቸው ከመድረቁ የተነሳ ሰው ሲጠራቸው ከነሙሉ ሰውነታቸው የሚዞሩ አባወራዎች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሌላ ከተማ ነው። ፕሮጀክት ምረጡ ስንባል እኔ የበለዘ ጥርሴን ይዤ ፍሎራይድ አልኩ፤ ቡድኑም ተስማማ። ናልጎንዳ የሚባለውን የህንድ ዘዴ ልንፈትሽ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ላይ ተጨምሮ መጀመሪያ በኃይል፣ ቀጥሎ በዝግታ ይማሰላል። ከዚያ ሲቀመጥ እንደ ጥጥ የሚንሳፈፍ ነገር ይፈጠርና ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጣል። ውሃውን ከዘመዶቼ ጉድጓድ በቢጫ ጀሪካን ቀድቼ በአውቶቡስ ነበር የማመጣው። ረዳቱ ክዳኑን ከፍቶ ያሸትና "ውሃ ከናዝሬት? አረቄ ቢሆን እንኳ ይገባኝ ነበር" እያለ የጭነት ያስከፍለኛል።

የምንለካው በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የፍሎራይዱን መጠን የሚያነብ ዘንግ። ኤሌክትሮዱ የሚያየው ግን ነፃ የሆነውን ፍሎራይድ ብቻ ነው፤ አሉሚኒየም የያዘውን አያይም። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት ቲሳብ የሚባል ፈሳሽ ይጨመርና የተያዘውን ያስለቅቃል። ላባችን ቲሳብ አልቆበት ነበር። የላብ ቴክኒሺያኑ "ያለሱም ያነባል" አለን፤ እውነቱን ነው፣ ያነባል። 1.2 አነበበልን! ከወሰኑ በታች። ያን ቀን ማታ ካፌ ውስጥ የነበረውን ጭፈራ አልነግራችሁም።

ከመካከላችን አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን አልጨፈረችም። ያለቀውን ሥራ ከምን አንስታ እንደጠረጠረች እስከ ዛሬ አይገባኝም። ከሌላ ዲፓርትመንት ግማሽ ጠርሙስ ቲሳብ ለምና አመጣችና ያንኑ ናሙና ደግማ ለካችው። 3.4። ሌላውን ናሙና ለካች፤ እሱም ከፍ አለ። ባለ ካሬ ደብተሯ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ዓምድ ሠርታ "ያለ ቲሳብ" እና "ከነ ቲሳብ" ብላ ጎን ለጎን ጻፈችው። ያ ገጽ ዛሬም ይታየኛል፤ ጥግ ላይ የሻይ ጠብታ አለበት።

አማካሪያችን ገጹን አየና "ዲፌንስ ሳምንት አይሞላውም፣ አታምሱብኝ" አለ። ሰንጠረዡ ከሪፖርቱ እንዲወጣ ታዘዘ፣ ወጣ። ባማረው ግራፍ ኤ አገኘን። ፈታኞቹ እጃችንን ጨበጡን፤ ስለ ቲሳብ የጠየቀ አልነበረም።

እሷ ተመርቃ ባንክ ገባች። ብድር ትገመግማለች አሉ፤ ምስኪን ተበዳሪዎች! እኔ በውሃ ሥራ ስኖር ግን ያ ነገር እየተከተለኝ ኖረ። ያለ ቲሳብ የተለካ "ንጹሕ" ውሃ ሪፖርት ላይ ሳይ የማንን ደብተር እንደማስታውስ ታውቃላችሁ። የዚያች ልጅ አንድ ገጽ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ከእኛ በኋላ የመጣ ቡድን ሁሉ ከዚያ ይጀምር ነበር። ከዚያ ሁሉ ድካማችን አዲስ ነገር የነበረው እሱ ብቻ ነበር፤ ናልጎንዳንማ ህንዶቹ ቀድመውናል።

ስለዚህ ልጄ፣ አታስተካክል። ያልገጠመውን ቁጥር አባሪ ውስጥ ሳትደብቅ ውጤቱ ምዕራፍ ላይ አስቀምጠው፤ መሣሪያው መቼ ካሊብሬት እንደተደረገ፣ ምን ሪኤጀንት እንደጎደለ ከጎኑ ጻፍ። አማካሪህ እምቢ ካለ? እኔ ያላሸነፍኩትን ክርክር አሸንፍ ማለት ይከብደኛል። ቢያንስ ደብተሩን አትጣለው።

ስለ ርዕስ መረጣም ልናገር። የዛሬ ልጆች ትልቅ ነገር ትወዳላችሁ። ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ጣቢያዎች ቆመዋል፤ እናንተ ደግሞ ሦስተኛውን በላፕቶፕ ትነድፋላችሁ። አንዱ ተርባይን ለምን ቆመ ብሎ የጠየቀ ቡድን ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ትንሽ ጥያቄ ያዙ። እኛም ብንሆን የስምጥ ሸለቆን ውሃ በአንድ ሴሚስተር ልናጣራ ነበር የተነሳነው፤ እንዲያ ባንነሳ ደግሞ 3.4ን አናገኘውም ነበር። እንግዲህ እንደመሰላችሁ።

ሰነፎች ናችሁ የሚለውን አልቀበልም። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናው ያንኑ የመጨረሻ ሴሚስተር ይሻማችኋል፤ እኛ ይህ አልነበረብንም። ከዩቲዩብ ተምራችሁ የምትበይዱት ሰርኪዩትም በእኛ ጊዜ መምህሩም አይሠራው። የሚያናድደኝ ሪፖርቱን ቻትጂፒቲ ሲጽፈውና ምስጋናው ሦስት ገጽ ሲሆን ነው። ስለ ማርጂንና ስለ ፎንት አትጠይቁኝ፤ ጋይድላይኑን አንብቡ።

አንዳንዴ የውጭ ፈታኝ ሆኜ እጋበዛለሁ። ሰንጠረዡ ላይ አንድም የተበላሸ ንባብ ከሌለ ግራፉን ትቼ የላብ ደብተሩን እጠይቃለሁ። "ዶርም ነው ያለው" ይሉኛል። እስኪያመጡት ድረስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።