ቲኤስአይው ጠቁሯል፤ ታዲያ ሳልሞኔላ ነው ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኔም በጀማሪነቴ እዚሁ ጋ ተደናቅፌያለሁ። ሌሎቹም እንዲከታተሉ ባጭሩ ልድገመው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ከገባለት ታካሚ ሽንት፣ ማካንኪ (ላክቶስ የሚበላውን ሮዝ አድርጎ የሚያሳይ ሚዲየም) ላይ ሐመር ኮሎኒ አገኘሽ። ቲኤስአይ (ስኳርና ብረት ያለበት የቲዩብ አጋር) ላይ ስላንቱ (ዘመም ያለው የላይ ገጽ) ቀይ፣ በቱ (የታችኛው ክፍል) ጥቁር፣ ጋዝም አለው። የኦክሲዴዝ ኢንዛይም ቴስቱ ኔጌቲቭ፣ ሲትሬት ሰማያዊ (ፖዚቲቭ)። ዩሪያው (ባክቴሪያው ዩሪያ ሲሰብር ሮዝ የሚሆነው ቴስት) አድሮ በስሱ ሮዝ ሆነ። «ሳልሞኔላ ብዬ ልጽፍ ስል ሲኒየሬ አስቆመኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። ኤፒአይም ቫይቴክም (ባክቴሪያ የሚለዩ ኪትና ማሽን) የለንም። በምን ልለየው?» ነው ያልሽው።

ሲኒየርሽ ማስቆሙ ልክ ነው። ሳይነግርሽ መሄዱ ግን ልክ አይደለም።

እኔ የምጠረጥረው ሲትሮባክተር ፍሬውንዲን ነው። ይህ ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖር ነው። ካቴተር፣ የቆየ ቁስል ወይም የደከመ ሰውነት ሲያገኝ ግን በሽታ ያመጣል። ከሳልሞኔላ ጋር ደግሞ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱም ኤች ቱ ኤስ (ቲኤስአይን የሚያጠቁረውን ጋዝ) ያመነጫሉ። ሁለቱም በአብዛኛው ሲትሬት ይጠቀማሉ። ሲትሮባክተር እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1932 ስሙ የወጣለት በዚሁ በሲትሬቱ ነው። ስለዚህ ሲትሬቱ ሰማያዊ መሆኑ እዚህ ጋ ምንም አይነግርሽም። ላክቶስ ላይም ብዙው ሲትሮባክተር ይዘገያል፤ በመጀመሪያው ቀን ማካንኪ ላይ ሐመር ሆኖ ያታልላል።

የሚለያቸው ሊዚን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ሳልሞኔላ ሊዚንን ይሰብራል፣ ሲትሮባክተር ፍሬውንዲ አይሰብርም። ኤልአይኤ (ሊዚን ያለበት የቲዩብ አጋር) ካላችሁ በቱን ሁለት ጊዜ ውጊ፣ ስላንቱን አስምሪ፣ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ጠብቂ። ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ ሆኖ ከጠቆረ ወደ ሳልሞኔላ ያደላል። ስላንቱ ወይን ጠጅ፣ በቱ ቢጫ ከሆነ ሲትሮባክተር ነው ብለሽ አስቢ። ስላንቱ ቀላ ካለ ደግሞ ፕሮቲየስ ወይም ዘመዶቹ ናቸው። ቶሎ ተቸኩሎ ከታየ ሁሉም በት ቢጫ ነው፤ መጀመሪያ ግሉኮሱ ነው የሚበላው። አንድ ነገር ብቻ ያዢ፦ ሳልሞኔላ ፓራታይፊ ኤ ሊዚን አይሰብርም። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቲኤስአይን አያጠቁርም፤ ስለዚህ ካንቺ ጉዳይ ጋር አይጋጭም።

ኤልአይኤ ከሌለ የሊዚን ብሮዝ (ፈሳሽ ሚዲየም) ሊዚን ከሌለበት ኮንትሮሉ ጋር፣ ላዩ ላይ ሚኒራል ኦይል አድርጋችሁ ሥሩ። የኦኤንፒጂ ዲስክ (ላክቶስ የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚፈትሽ) ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሲትሮባክተር በሰዓታት ውስጥ ቢጫ ያደርገዋል፤ የተለመዱት ሳልሞኔላዎች አያደርጉትም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ፣ ክፍለ ሀገር አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከስኳር ታካሚ የእግር ቁስል እንዲህ ያለ ነገር አደገልኝ። ቲኤስአይው እንደ ከሰል ጠቆረ። ፍሪጅ ውስጥ ቪአይ አንቲሲረም (የታይፎይድ ባክቴሪያን ቪአይ አንቲጅን ሲያገኝ የሚያጓጉል ሴረም) ነበረን። አንድ ጠብታ ላይ ስቀላቅለው ወዲያው ተጓጎለ። ደስ አለኝ፤ ሳልሞኔላ ታይፊ (የታይፎይድ ባክቴሪያ) ብዬ ፈርሜ አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው መጡ። «ታይፎይድ እግር ላይ ምን ይሠራል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለት ነገር ስቻለሁ። አንደኛ፣ አንዳንድ የሲትሮባክተር ፍሬውንዲ ዝርያዎች ያንኑ ቪአይ አንቲጅን ይይዛሉ። አንቲሲረም የሚያገለግለው ባዮኬሚካሉ «ሳልሞኔላ ነው» ካለ በኋላ ማረጋገጫ እንዲሆን ነው፤ እኔ ከኋላ ወደ ፊት ሄድኩ። ሁለተኛ፣ ታይፊ ጋዝ አይሠራም። ኤች ቱ ኤሱም ቢሆን ስላንቱና በቱ የሚገናኙበት ጋ እንደ ጢም ቀጭን ጥቁረት ነው፤ ቲዩቡን ከሰል አያደርግም። የኔው ግን አጋሩን ሰንጥቆ ወደ ላይ ገፍቶት ነበር። እያየሁት አላየሁትም።

ወደ አንቺ ልመለስ። የካቴተር ሽንት ላይ ሐመር ኮሎኒና ጥቁር በት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ ነው። ፕሮቲየስ ግን ዩሪያ ላይ አይዘገይም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደማቅ ሮዝ ያደርገዋል። ብለድ አጋር (ደም ያለበት ሚዲየም) ላይም እንደ ማዕበል ይሰራጫል፣ ሽታውም አይረሳም። ያንቺ አድሮ በስሱ ነው ሮዝ የሆነው፤ ይህም ለሲትሮባክተር የሚሆን ነው። የዩሪያው ሚዲየም ጤነኛ ከሆነ ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ዩሪያውን ከቤዙ (ከመነሻ ሚዲየሙ) ጋር አብሮ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ማሽን) ውስጥ ከተተው። ዩሪያ ደግሞ በሙቀት ይሰበራል። ባክቴሪያ ሳይነካቸው ቲዩቦቹ ሁሉ ሮዝ ሆነው ወጡ። ዩሪያ ተጣርቶ ነው የሚጨመር፣ ቤዙ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ።

አውቶክሌቭን ካነሳሁ አይቀር፣ አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተማ ያላችሁ ልብ በሉ። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ 18 ወይም 19 ፒኤስአይ መድረስ አለበት። «ሚዲየማችን ለምን ይበከላል?» ብላችሁ ስትጨቃጨቁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ የወሰድሽው ኮሎኒ ንጹሕ ነበር? ማካንኪ ሌሎቹን ያፍናል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። ሉፑን (ኮሎኒ የምታነሺበትን ሽቦ) ወደ አጋሩ ከጫንሽ ታፍኖ የተቀመጠውን ይዘሽ ትወጫለሽ። የኮሎኒውን አናት ብቻ ንኪ፣ ብለድ አጋር ላይ አሳድሪው፣ ቴስቱን ከዚያ ሥሪ። ኦክሲዴዙንም ከዚያው ነው የምትሠሪው፤ ከማካንኪ ላይ የተሠራ ኦክሲዴዝ አይታመንም። የኒክሮም ሉፕም ያለ ምክንያት ፖዚቲቭ ያደርጋል፤ በእንጨት ስቲክ ሥሪው። እኔ ካየኋቸው «እንግዳ ባክቴሪያ» ከተባሉት አብዛኞቹ ሁለት ተራ ባክቴሪያዎች ተደባልቀው የተገኙ ናቸው።

ቲኤስአይውን ስታነቢም ክዳኑ ላላ ያለ መሆኑን እዪ። ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ስላንቱ አየር ያጣል፣ ወደ ቀይ ሊመለስ የነበረው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በቱ ጠቁሮ ቢጫው ባይታይሽም አሲድ ብለሽ ቁጠሪው።

ሳምፕሉ ከየት እንደተቀዳ ጠይቀሻል? ከሽንት ከረጢቱ ከሆነ ተይው፣ እንደገና ይላክ። ከረጢት ውስጥ የቆየ ሽንት ያሻውን ያበቅላል። ከካቴተሩ መቅጃ ቦታ በመርፌ ነው የሚወሰደው። በአንድ ማይክሮሊትር ሉፕ 100 ኮሎኒ ማለት በሚሊ ሊትር 100,000 ነው። ሦስት ዓይነት ከበቀለ ግን ስም ፍለጋ አትድከሚ።

እንዲህ ስል ግን ሳልሞኔላ ሽንት ላይ አይገኝም ማለቴ አይደለም። የሽንት ቢልሃርዚያ ያለበት ሰው ታይፊን በሽንቱ ለረጅም ጊዜ ሊያወጣ ይችላል። ታካሚሽ ከታችኛው አዋሽ ወይም ከዋቢ ሸበሌ አካባቢ የመጣ ከሆነ ሽንቱን በማይክሮስኮፕም እዪለት።

ስሙ መለየቱ ለወጉ አይደለም። ሳልሞኔላ ብለሽ ከጻፍሽ ጄንታማይሲንን «ሰንሲቲቭ» ብለሽ አትሰጪም፤ ፕሌት ላይ ይሠራል፣ ታካሚው ላይ አይሠራም። ሲትሮባክተር ከሆነ ግን ያ መድኃኒት ለሐኪሙ አማራጭ ነው። በተቃራኒው ሲትሮባክተር ፍሬውንዲ አምፒሲሊንን፣ ኦግመንቲንንና ሴፎክሲቲንን ከተፈጥሮው ይቋቋማል። ሴፍትሪያክሰን ዛሬ ሰንሲቲቭ ቢሆን እንኳ ሕክምናው ላይ እያለ በቀናት ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል። ይህን እኔ ሪፖርቱ ግርጌ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ፤ ዶክተሮቹ ያነቡታል።

የአንቲባዮቲክ ዲስኩን እንደ ምስክርም ተጠቀሚበት። ሲትሮባክተር ብለሽ ሴፎክሲቲን ሰፊ ዞን (ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ) ከሰጠሽ ስሙን ተጠራጠሪ። ፕሮቲየስ ብለሽ ናይትሮፉራንቶይን ሰንሲቲቭ ከወጣም፣ ክሌብሲየላ ብለሽ አምፒሲሊን ከሠራም እንደዚያው። እኔ ከመፈረሜ በፊት ስሙንና ዲስኩን ጎን ለጎን አያለሁ። ካልተስማሙ ወደ ፕሌቱ እመለሳለሁ።

ለዛሬ «ሳልሞኔላ» የሚለውን አታውጪ። ዋርዱ ከጠየቀሽ «ግራም ኔጌቲቭ ሮድ፣ መለየቱ በሂደት ላይ» በይ። ኮሎኒውን ብለድ አጋር ላይ አሳድሪው፤ ነገ ሊዚኑንና ዲስኩን አንድ ላይ ጀምሪ። ከነገ ወዲያ የሊዚኑን በት ፎቶ እዚሁ ጣይልን፤ ቢጫ ካልሆነ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ።