የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በተፈጥሮ የሚበሰብስ ቅባት ለሐዋሳ ጀልባዎች ያዋጣል?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን የማመላልስበት አንድ የሞተር ጀልባ አለኝ። ትልልቅ መርከቦች ባሕሩን እንዳይበክሉ በተፈጥሮ የሚበሰብስ ቅባት እንዲጠቀሙ እየተገደዱ መሆኑን መርከበኛ ከሆነ አንድ ዘመዴ ሰማሁ። ነገሩ እውነት ከሆነ ለእኛ ለትንንሾቹስ ይጠቅማል? ወይስ ዋጋው የማይቀመስ የፈረንጅ ቅንጦት ነው?
የጀልባ ባለንብረት፣ ከአሞራ ገደል አካባቢ

መልስ፦ ዘመድዎ የነገሩዎት እውነት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 19 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የመርከቦች ፈቃድ መሠረት፣ 24 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያላቸው የንግድ መርከቦች በአገሪቱ ውሃ ላይ ለመንቀሳቀስ ሲፈልጉ፣ ቅባት ከውሃ ጋር በሚገናኝባቸው ክፍሎቻቸው ሁሉ አካባቢን የማይጎዳ ቅባት እንዲጠቀሙ ታዘዋል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆኑት በቴክኒክ ምክንያት የማይቻል ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ምክንያት የሆነው በዜና የምንሰማው ዓይነት የነዳጅ ጫኝ መርከብ አደጋ ሳይሆን፣ ማንም ልብ የማይለው የየዕለት መንጠባጠብ ነው። የፕሮፔለሩ ዘንግ ከመርከቡ በስተኋላ በሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ዘይት ይሞላል፤ ዘይቱንና ባሕሩን የሚለያዩት የጎማ ቀለበቶች ብቻ ናቸው። ቀለበቶቹ ሲያረጁ፣ ወይም የተጣለ መረብና ገመድ ሲጠመጠምባቸው ዘይቱ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበ አንድ ግምት፣ ከዚህ ቱቦና በመርከቦች የዕለት ተዕለት ሥራ ምክንያት በዓለም ወደቦች ውስጥ ብቻ በየዓመቱ ከ37 እስከ 61 ሚሊዮን ሊትር የሚደርስ የቅባት ዘይት ወደ ውሃ እንደሚገባ አመልክቷል።

ወደ እርስዎ ሐይቅ ስንመጣ፣ እኛ ጉዳዩን ቅንጦት አንለውም። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወደብ ውስጥ የተንጠባጠበ ዘይት ቢያንስ በማዕበልና በሞገድ ወደ ውቅያኖሱ ይበተናል። ሐዋሳ ላይ ከሞተርዎ የወጣው ዘይት ግን ካልበሰበሰ ወይም ካልተነነ በቀር ከውሃው፣ ከደለሉና ከዳር ዳር ቄጠማው ሌላ መሄጃ የለውም፤ ቆሮሶም አምባዛም የሚታጠመው ከዚያው ነው።

«በተፈጥሮ የሚበሰብስ» የሚለው ስያሜ በቆርቆሮው ላይ እንደ ማስታወቂያ ስለሚለጠፍ ትርጉሙን ማወቅ ያስፈልጋል። በስፋት በሚሠራበት የላቦራቶሪ መመዘኛ መሠረት አንድ ቅባት ቶሎ የሚበሰብስ የሚባለው፣ በ28 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው በረቂቅ ተሕዋስያን ተበልቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚሠራው የተለመደው ዘይት ከዚህ ልክ እጅግ ዝቅ ብሎ ይቀራል። መበስበስ ብቻውንም አይበቃም፤ ቅባቱ ለውሃ ውስጥ ፍጥረታት መርዝነቱ አነስተኛ መሆን፣ በዓሣ ሥጋ ውስጥም የማይከማች መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ምልክት ያለበት ቅባት እነዚህን ሁሉ ተመዝኖ ያለፈ ነው፤ «ባዮ» የሚል ጽሑፍ ብቻ የተለጠፈበት ግን ምንም ላያሟላ ይችላል።

አሁን ወደ ሞተርዎ እንምጣ። በጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር፣ ከታች ውሃ ውስጥ በሚጠልቀው ክፍሉ ጥርሶቹን የሚያለሰልስ የካምቢዮ ዘይት አለው። መጠኑ በትንንሽ ሞተሮች ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። የመርከቡ ቱቦ እንደሚያፈስ ይህም የሚያፈስበት ቦታ አለው፤ በሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ዋነኛ ጠላት አድርገን የምንጠረጥረው የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ክር ነው። ክሩ ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ ከፕሮፔለሩ ኋላ ተደብቆ ስለሚቀመጥ ከውጭ አይታይም፤ ቀስ በቀስ ግን የጎማውን ቀለበት እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በየጊዜው ፕሮፔለሩን አውልቀው ዘንጉን ይመልከቱ። ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላም የታችኛውን ብሎን በጥቂቱ አላልተው የሚወጣውን ዘይት በጨርቅ ላይ ይቀበሉት። ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ውሃ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ዘይትም ያስወጣል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚለወጠው ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ሳይለወጥ ውድ ዘይት መሙላት ገንዘብን ሐይቅ ውስጥ ማፍሰስ ነው፤ በሚበሰብስ ቅባትም ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ቅባቶች አብዛኞቹ የሚሠሩባቸው ኤስተር የሚባሉ ውህዶች ከውሃ ጋር ሲቆዩ ወደ አሲድነት ስለሚፈርሱ ኩሽኔታውንና ጥርሱን ይበላሉ።

ቀለበቱ ደኅና ከሆነ ግን ለዚህ ክፍል የሚበሰብሰውን ቅባት እንዲገዙ እንመክራለን። ዋጋው ከተለመደው ብዙ ጊዜ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አምራቾች እንደሚያዝዙት በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ የሚለወጥ ከአንድ ሊትር ያነሰ ዘይት ስለሆነ፣ ልዩነቱ በዓመቱ ሥራ ላይ ሲካፈል የሚያስደነግጥ አይሆንም። የሞተሩ መመሪያ ከሚያዝዘው የውፍረት ደረጃ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ አሮጌውንም ጠብታ እስኪቀር ያስወጡ። በተለይ አዲሱ ቅባት ፖሊግላይኮል ከሚባለው ዓይነት ከሆነ ከተለመደው ዘይት ጋር አይዋሃድም፤ ሲቀላቀሉ ዝቃጭ ይሠራሉ።

ሞተርዎ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላው ባለ ሁለት ስትሮክ ከሆነ ግን የሐይቁ ዋና ችግር የካምቢዮው ዘይት አይደለም። በካርቡራተር የሚሠራ የቆየ ሞተር ከሚሞላለት ቤንዚንና ዘይት እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ያስወጣል፤ የአብዛኞቹ ሞተሮች ጭስ ማውጫም ያለው እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። በተለመደው የ50 ለ1 ድብልቅ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል፤ ሩቡ ሳይቃጠል ከወጣ 100 ሚሊ ሊትሩ ሐይቁ ውስጥ ነው። ቤንዚኑን ገና አልቆጠርነውም። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ ያለው የታሆ ሐይቅ አስተዳደር እንዲህ ዓይነቶቹን ሞተሮች እ.ኤ.አ. በ1999 ያገደው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሁለት ስትሮክ የሚሆን የሚበሰብስ ዘይትም አለ፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚቃጠል ስለሆነ ወጪው ይከብዳል፤ ያልተቃጠለውን ቤንዚንም አያስቀርም። እዚህ ላይ ብራችሁን ለውድ ዘይት ከምታወጡ፣ በማኅበር የተደራጃችሁ ከሆነ ተራ በተራ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ወደማይቀላቀልበት ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ለመዛወር ብትቆጥቡት ይሻላል እንላለን፤ በቤንዚን ቁጠባም ከወጪው የሚመለስ አለ።

ጥያቄ፦ ከአትክልት የሚሠራ ዘይት ቶሎ ይበሰብሳል ከተባለ፣ ከውጭ ከምናስመጣ የራሳችንን የኑግ ወይም የጉሎ ዘይት ለጀልባ ሞተር መጠቀም አይቻልም?
የኬሚስትሪ መምህር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ኑግ አይሆንም። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን፣ ይህ አሲድ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይደርቃል፤ በድስት ክዳን ዳር ተጣብቆ በሽቦ እንኳ አልለቅ የሚለው ቢጫ ሙጫ የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ያ ነገር በሞተር ጥርስና በኩሽኔታ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ጉሎ ሌላ ነው። ከዘይቱ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባል ወፍራምና ብረት ላይ የሚጣበቅ ነገር በመሆኑ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩ ብዙ የአውሮፕላን ሞተሮች የሚቀቡት በእርሱ ነበር። ዛሬም በየጋራዡ የሚገኘው ሊቲየም ግሪስ የሚወፍረው በአብዛኛው ከጉሎ ዘይት በሚገኝ አሲድ ነው፤ ሆኖም አብሮት ያለው ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ የተሠራ ስለሆነ ግሪሱ የሚበሰብስ አይደለም። በየወንዙ ዳር የሚበቅለው ጉሎ እዚሁ አገር ውስጥ ተጣርቶ፣ ከሚያስፈልጉት ማሟያዎች ጋር ተቀይጦ ግሪስ ቢሠራበት ጥሩ የምርምር ርእስ ይመስለናል፤ ተማሪዎችዎም ቢጀምሩት ደስ ይለናል። ተጨምቆ የወጣውን ዘይት እንዳለ ሞተር ውስጥ መሙላት ግን አይገባም፤ ጉሎም ቢሆን ሲግል ሙጫ ያበጃል።

ጥያቄ፦ ጀልባ ላይ ዘይት ሲደፋ የዱቄት ሳሙና በተንን ጊዜ ከውሃው ላይ ይጠፋል። ይህ ልክ ነው? የሚበሰብሰው ዓይነት ዘይት ቢሆንስ ዝም ብንለው ምን አለ?
ወጣት የጀልባ ረዳት፣ ከፍቅር ሐይቅ

መልስ፦ አይጠፋም። ሳሙናው ዘይቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ሰባብሮ ከውሃው ፊት ወደ ውስጥ ያወርደዋል፤ በዳር ዳሩ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚራባው ቆሮሶም ሳሙናውንም ዘይቱንም አብሮ ያገኛቸዋል። በጀልባው ወለል ላይ የተደፋውን ሰጋቱራ አፍስሳችሁበት ሰጋቱራው ዘይቱን ከጠጣ በኋላ ሰብስቡት፤ ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን ደግሞ ዘይት በሚመጥጥ ጨርቅ ከላይ ከላዩ አንሡት። የሚበሰብሰውም ዘይት በዚሁ መንገድ ይሰበሰባል፤ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ሲያበሰብሱት በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጠቀሙበት፣ በአንድ ቦታ ብዙ ከተደፋ ዓሣው አየር ያጥረዋል። በአሜሪካም ሕግ የሚበሰብስ ቅባት የሚጠቀም መርከብ ውሃ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ቢታይበት እንደማንኛውም ዘይት ያስጠይቀዋል። ከሞተሩ ውስጥ ተለውጦ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ደግሞ፣ አዲስ ሳለ ምንም ይሁን ምን፣ ጥቀርሻና የብረት ብናኝ ስላለበት ሐይቁ ዳር አትድፉት፤ ክዳኑ በሚገጥም ጀሪካን አጠራቅማችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚረከቡ አስረክቡ።