የፊት ክዳኑን ከከፈቱ ስፒናዋን ሳይዙ አይዝጉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሞተሩ ከሚንስ 6ቢቲ የሆነ የጭነት መኪና አለኝ፤ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ከሞተሩ ፊት ዘይት ያልበዋል፤ ጣርማ በርን ተጭኖ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። መካኒኩ «ክዳኑን አውርደን እንደ አዲስ እንዝጋው፤ ውስጥ ያለችውን ስፒናም እንያዛት» ይለኛል። ደህና እየሠራ ያለ ሞተር መክፈት ተገቢ ነው? (የመኪና ባለቤት፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ስለ ስፒናዋ የነገረዎት እውነት ነው። በባለ 12 ቫልቩ 6ቢቲ ላይ የታይሚንግ ጥርሶቹ (የሞተሩን ክፍሎች እኩል የሚያዞሩት ጥርሳም ጎማዎች) የተቀመጡበትን የአሉሚኒየም ቤት ከሞተር ብሎኩ ጋር አስተካክላ የምታስገጥም አጭር የብረት ስፒና አለች። ተጠብቃ ከመግባቷ በቀር ከፊት የሚያግዳት ነገር የለም። ሞተሩ ዓመት ከዓመት ሲንቀጠቀጥ ቀስ በቀስ ትወጣለች። ቢቀናዎት ኮፓ (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ወድቃ ትቀራለች፤ ካልቀናዎት ጥርሶቹ መሀል ገብታ ጥርስ ትሰብራለች፣ ቤቱን ትሰነጥቃለች። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1998 በተሠሩት ዶጅ ራም ፒካፖች ላይ ችግሩ ስለታወቀ አሜሪካኖቹ «ገዳይዋ ስፒና» ብለዋታል። ሞተሩ ግን ያው ነው፤ የጭነት መኪና ላይም ቢሆን መታየት አለባት።

ክዳኑን ከመንካትዎ በፊት ግን ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ይለዩ። የሞተሩን ፊት በናፍጣ አጥበው ያድርቁ፣ ታልከም ፓውደር ይነስንሱበት፣ ሞተሩን አስነስተው ያሙቁትና ያጥፉት። ዱቄቱ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ምንጩ ነው። የቬንትሌተሩ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚነዛው ሞተሩን ከታች ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ዳገት ላይ ይብሳል ማለትዎ ሌላም ነገር ይጠቁማል፤ ሞተሩ ሲከብደው በፒስተኖቹ ጎን ወደ ታች የሚያመልጠው ጋዝ ይጨምራል። የሞተሩ መተንፈሻ ጎማ በጭቃ ከተደፈነ ይህ ግፊት መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራሎዮው (የሚዞረውን ዘንግ ከቦ ዘይት በሚያግደው ቀለበት) እና በጓርኒሲዮኑ (በክዳኑ መጋጠሚያ ላይ ባለው ማሸጊያ) በኩል ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን ያጽዱ። መተንፈሻው ተደፍኖ እያለ አዲስ ፓራሎዮ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ምንጩ ክዳኑ ወይም የኮሎው (የክራንክ ሻፍቱ) ፓራሎዮ ከሆነ ይክፈቱት። ቺንጋው ይውጣ፤ በ4 ቡሎን የታሰረው የፊት ዳምፐር (መሀሉና የውጭ ቀለበቱ በጎማ የተያያዙ፣ ንዝረት የሚቀንስ ጎማ) ይፈታ፤ ከዚያ የክዳኑ ቡሎኖች። ረጅምና አጭር ካለ እንዳይምታታ በካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩት። ስፒናዋ ከቤቱ ፊት ወጣ ብላ ከታየች በጠፍጣፋ አፍ ብረት ቀስ ብለው ወደ ቦታዋ ይምቷት። ከዚያ ከጎኗ ያለውን የቤቱን ቡሎን ፈትተው፣ ስፒናዋን ፊት ለፊት የሚጋርድ ከጠፍጣፋ ብረት የተቆረጠ ምላስ ከሥሩ ያስገቡ። ቡሎኑ እንዳይላላ ጥርሱ ላይ ሰማያዊ የቡሎን ማጣበቂያ ቀብተው በ24 ኒውተን ሜትር ያጥብቁት። መፍቻ የሚደርስባቸውን ሌሎቹን የቤቱን ቡሎኖችም በዚሁ ልክ ይፈትሿቸው፤ ላልተው የሚገኙ አይጠፉም። ክዳኑን ሳይመልሱ ኮሎውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ ምላሱ ጥርስ መንካት የለበትም።

ቀዳዳው ባዶ ከሆነ ሞተሩን በፍጹም አያስነሱት። ኮፓው ወርዶ ስፒናዋ እስክትገኝ ይፈለግ።

ጥያቄ፦ በኅዳር ወር ክዳኑን በሲሊኮን አዘጋሁት፤ ወዲያው ማንጠብጠብ ጀመረ። ሲሊኮን ቢጨመርበት አይሻልም? (ሾፌር፣ ደብረ ሲና)

መልስ፦ አይሻልም። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን፣ ይዘገያል። ማታ ዘግቶ ጠዋት ዘይት መሙላት ደጋ ላይ አያዋጣም፤ ሙሉ 24 ሰዓት ይስጡት። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ይበቃል፤ መስመሩ ሳይቋረጥ በቡሎን ቀዳዳዎቹ የውስጥ ጎን ይለፍ። ከበዛ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል፣ ተቆርጦ ይወድቃል፣ የዘይት ፖምፓውን መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ክዳናችሁ የወረቀት ጓርኒሲዮን ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጓርኒሲዮኑን ራሱን አግኝታችሁ አስገቡ።

አሮጌውን ሲሊኮን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ፋቁት። አንዳንድ ጋራዥ በመፍጫ ዲስክ ሲያጸዱ ይታያል፤ ዱቄቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚኖችን (ኮሎው የሚዞርባቸውን መደገፊያዎች) ይበላል፣ አሉሚኒየሙንም ያጎደጉዳል። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ጨርቅና በቤንዚን ጠርጋችሁ አድርቁት፤ የጣት ቅባት እንኳ መቅረት የለበትም።

ጥያቄ፦ የፊት ፓራሎዮውን በአዲስ ቀይሬ ዘይቱ አልቆመም። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ የዚህ ሞተር ፓራሎዮ ከንፈሩ ቴፍሎን ነው፤ ደረቁን ነው የሚገባው። ኮሎውም ከንፈሩም ዘይትም ግሪስም መንካት የለበትም። ሌላውን ፓራሎዮ ዘይት ቀብቶ ማስገባት የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ኮሎውን በጥፍርዎ ይዳብሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተቆፈረ አዲሱም ያፈሳል፣ መጠገኛ ቀለበት ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ክዳኑ ከኮሎው ጋር መሀል ለመሀል መሆን አለበት። ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ ይዘው፣ ከፓራሎዮው ጋር በሚመጣው ማስተካከያ መሀሉን ካገኙ በኋላ በ24 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

ዳምፐሩን ሲመልሱ ቡሎኖቹ 125 ኒውተን ሜትር ይፈልጋሉ። በመሀሉና በውጭ ቀለበቱ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች ከ1.5 ሚሊሜትር በላይ ከተዛነፉ ጎማው ተንሸራቷል ማለት ነውና ዳምፐሩ ይቀየር።