ሳሩ ላይ የተጋደመው ልጅና ባቡሩ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! ሰሞኑን አንድ የድሮ የአሜሪካ ሥዕል አይቼ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። ባርኔጣ ያደረገ ልጅ ሳሩ ላይ ጋደም ብሎ ሸለቆውን ያያል፣ ከታች ባቡር ጭሱን እያትጎለጎለ ይመጣል፣ ከወዲያ ጭጋግ የለበሰ ተራራ አለ። በጣም ደስ ይላል ግን ሜዳው ሙሉ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ነው። ማነው የሳለው? ባቡሩን ወዶት ነው ወይስ ለዛፎቹ አዝኖ?

መልስ፦ ጉቶ ሲሉን ነው ወዲያው ያወቅነው። የጆርጅ ኢነስ «የላካዋና ሸለቆ» ነው፣ እ.ኤ.አ. 1856 አካባቢ የተሳለ፣ ከታች የምትታየው ከተማ ደግሞ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለችው ስክራንተን ናት።

አሁን ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ሥዕሉ የባቡር ካምፓኒ ትዕዛዝ ነው! ዴላዌር ላካዋና ኤንድ ዌስተርን የሚባለው ካምፓኒ ለኢነስ 75 ዶላር ከፍሎ አሳለው፣ በዛሬ ቋንቋ ማስታወቂያ በሉት። ካምፓኒው ደግሞ ዝም ብሎ አልከፈለም፣ ያ ክቡ የባቡር ጋራዥ በደንብ ይታይ፣ ገና ያልተነጠፈውም ሀዲድ ይሳል እያለ ነዘነዘው። ኢነስ ቢያንገራግርም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነውና ሳለው።

ታዲያ ማስታወቂያ ከሆነ ጉቶው ምን ይሠራል? እኛን የሚገርመን እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ሊደብቀው ይችል ነበር፣ ሳር ቢያለብሰው ማን ይጠይቀዋል፣ እሱ ግን ጭራሽ ከፊት አምጥቶ ደረደረው። ከሱ በፊት የነበረው ሠዓሊ ቶማስ ኮል በ1836 ባሳተመው ጽሑፍ መጥረቢያ አገሩን አወደመው ብሎ በግልጽ አማርሯል፣ ኢነስ ግን ሲያማርር አይታይም። ጭሱን እዩት እስቲ፣ ከተራራው ጭጋግ ጋር በአንድ ዓይነት ለስላሳ ቀለም ነው የሳለው፣ ባቡሩም ትንሽዬ ሆና ዛፎቹ መሃል የምትሽሎከሎክ ነው የምትመስለው። ልጁስ ቢሆን ጀርባውን ሰጥቶን ነው የተጋደመው፣ ደስ ይበለው ይክፋው በምን እናውቃለን? ምሁራኑም እስካሁን ይከራከሩበታል፣ ለኛ ግን ሆን ብሎ ነው ያድበሰበሰው፣ ከፋዩ ሀዲዱን ይቁጠር፣ ጉቶውን ማየት የፈለገ ይይ ያለ ነው የሚመስለን።

በነገራችን ላይ በኋለኛው ዘመኑ ጠቅላላ ተለውጧል፣ ስዊድንቦርግ የሚባለውን የስዊድን መንፈሳዊ ፈላስፋ ማንበብ ጀምሮ ሥዕሎቹ ብዥ ያሉ፣ ዛፉና አየሩ የማይለይባቸው ሆኑ። እነሱንም ፈልገው ይዩ።

ካምፓኒው ሥዕሉን ምን ያህል እንደወደደው እንጃ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አርጅቶ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው ኢነስ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አገኘውና የገዛ ሥዕሉን መልሶ ገዛው። አሁን ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ ተሰቅሏል፣ ወርዱ 127 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ጉቶዎቹን በስልክ ስክሪን ለመቁጠር አይድከሙ።