ማንበብ የማይችል ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥቂት ሆነን በበጎ ፈቃድ ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ እናስተምራለን። ተማሪዎቻችን ሥራ ይበዛባቸውና ይቀራሉ፤ ሲመለሱ የተማሩትን ረስተውት ነው። የቴሌግራም ግሩፕ እንክፈት ወይስ ጥሩ አፕ ፈልገን እንጫንላቸው በሚለው አልተስማማንም። «ፊደል ላልለየ ሰው ግሩፕ ምን ያደርግለታል?» የምንልም አለን። እርስዎ ምን ይላሉ?
የማታ አስተማሪዎቹ

መልስ፦ ግሩፑን ክፈቱ። አፑ ይቆያችሁ። አፕ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ፊደልና ድምፅ እያገናኘ ሲያለማምድ አይሰለችም፣ አይቆጣም። ግን አፕ መልስ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። የሚጽፍለት ሰው ያለው ተማሪ ነው የሚጽፈው።

ኒጀር ውስጥ የተሞከረውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራም ነበር፣ 113 መንደሮች ውስጥ፣ ሰዎቹ በየቋንቋቸው በሃውሳና በዛርማ የሚማሩበት። በከፊሎቹ መንደሮች ከተለመደው ትምህርት ላይ የተራ ሞባይል አጠቃቀም ተጨመረ። ቁጥርና ፊደል ቁልፉ ላይ መለየት፣ አጭር መልእክት መላክና መቀበል፣ በቃ ይኸው ነው። ስልክ የተጨመረላቸው ፈተና ላይ የተሻለ ውጤት አመጡ። መልእክት መላክ ከመደወል ይረክስ ስለነበር ከክፍል ውጭም የሚጽፉበት ምክንያት ነበራቸው።

ወደ እናንተ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ላይ ቮይስ ፍቀዱ። አስተማሪው ቃሉን ጽፎ ሥሩ በድምፁ ያንብበው፣ ተማሪው እያየ ይስማ፣ አሥር ጊዜ ቢደጋግመው የሚታዘበው የለም፣ የቀረውም ሰው ያመለጠውን እዚያው ያገኘዋል። ችግሩ ቮይስ ይጥማል! ካልተጠነቀቃችሁ ግሩፑ የወሬ ቤት ይሆንና ፊደል የሚነካ ይጠፋል። ስለዚህ ቀስ እያላችሁ አንዳንዱን ነገር በጽሑፍ ብቻ አድርጉት። ለምሳሌ የሚቀር ሰው መቅረቱን ይጻፍ፤ «ዛሬ አልመጣም» ይበቃል። ፊደል ቢሳሳትም ሐሳቡ ከገባችሁ መጀመሪያ መልሱለት፣ እርማቱን በኋላ በውስጥ መስመር ላኩለት። ጎልማሳን ሰው ፊት ካረማችሁት አይመለስም። ግሩፑም አምስት ስድስት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ብዙ ሰው ባለበት ጀማሪው ዝም ብሎ ያያል።

የልጆች ተረት ደግሞ አትላኩላቸው፣ እባካችሁ። ስልካቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ መማሪያ ነው፦ የዘመዶቻቸው ስም፣ የቀሪ ሂሳብ መልእክት፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ኮዱን ይላኩልን» የሚለው የአጭበርባሪ መልእክት ሳይቀር። ይሄኛውን አንብቦ «ውሸት ነው» ያለ ተማሪ እኔ ብሆን ያለ ፈተና አሳልፈው ነበር።

ክፍሉን ግን አትዝጉ። በዓለም ላይ ማንበብ ከማይችሉት ጎልማሶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱም የራሳቸው ስልክ የሌላቸው ብዙ ናቸው፣ ቢኖር የባል ወይም የልጅ ነው። ግሩፑ ላይ ድምፃቸው የጠፋውን «ሰነፉ» ከማለታችሁ በፊት ስልኩ የማን እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ በዕድሜ የገፋች ናት። ስልኳ ላይ ሰው የምትለየው በፎቶ ነው። አሁን ፊደል ላስተምራት ብል አይከብዳትም?
ልጇ

መልስ፦ አይከብዳቸውም፣ ከሚያውቁት ነገር ጀምሪላቸው እንጂ። ከሴቲንግ ገብተሽ የፊደሉን መጠን አሳድጊ። ከዚያ ደጋግመው የሚደውሉለትን ሰው ፎቶ አጥፊና ስሙን ብቻ ተይላቸው። እሱን ለይተው ሲደውሉ ወደ ሁለተኛው ሰው እለፊ። የራስሽን ስም ለመጨረሻ አታቆዪው፣ ቶሎ የሚፈልጉት እሱን ነው።