የሩዝ ዱቄት ብቻውን አይያዝም፦ ስንዴ ለማትበላ ልጅ ፓይ ስትሠሪ

እዚሁ ሐዋሳ ያለች እናት ጥያቄ ልካልኛለች። ልጇ ሴሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለባት ሐኪም ነግሯቸዋል፣ ስንዴ ጨርሶ አትቀምስም። ለልደቷ የማንጎ ፓይ ልትሠራላት በሩዝ ዱቄትና በቅቤ ሞከረች። ስትዳምጠው ተሰነጣጠቀ፣ ልታነሳው ስትል እጇ ላይ ተበተነ፣ የተጋገረው ደግሞ አሸዋ አሸዋ አለ።

እህቴ፣ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። የስንዴ ሊጥ ሲጎትቱት የሚለጠጠው ግሉተን በሚባለው ፕሮቲኑ ነው፣ ልጅሽን የሚጎዳትም እሱው ነው፤ ሩዝ እሱ ስለሌለው የሚይዝለት ሌላ ነገር ይፈልጋል። እኔ ተልባና ቡላ ነው የምጠቀመው። ተልባው ስትዳምጪ ሊጡን ይይዝልሻል። ቡላው ግን ጥሬውን ብዙም አይረዳሽም፣ ሥራውን የሚጀምረው ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ ነው፤ የቡላ ገንፎ ሲበስል እንዴት እንደሚጣበቅ ታውቂው የለ!

150 ግራም የሩዝ ዱቄት፣ 70 ግራም ደረቅ ቡላ፣ 30 ግራም የነጭ ጤፍ ዱቄትና ትንሽ ጨው አብረሽ ንፊ። ቡላው እርጥበት ካለው መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ጥሬ ተልባ በ3 ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ንፍጥ ንፍጥ እስኪል ተይው፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። 120 ግራም የገበታ ቅቤ ከፍሪጅ እንደወጣ ቆራርጠሽ፣ ምስር ምስር እስኪያክል በጣትሽ ጫፍ ከዱቄቱ ጋር አሺው። የተነጠረ ቅቤ አይሆንም። ተልባውንና 1 እንቁላል ጨምሪ፣ ካልያዘ ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ እየለካሽ። ከዚያ ጠቅልለሽ ቢያንስ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ይህቺን እንዳትዘያት፤ ሩዝ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ያ አሸዋ አሸዋ ማለቱ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ሌላው ደግሞ ዱቄቱ ሳይልም ሲቀር።

ስትዳምጪ ሁለት ንጹሕ ላስቲክ መሀል አድርጊው። የላይኛውን ላጪ፣ ከታችኛው ጋር አንስተሽ መጋገሪያው ላይ ገልብጪው። ቢቀደድ አትደንግጪ፣ በጣትሽ ለጥፊው፤ ግሉተን ስለሌለው ብትነካኪውም አይጠነክርም። በሹካ ወጋ ወጋ አድርገሽ፣ ወረቀት አንጥፈሽ ደረቅ ሽምብራ ሙዪበትና በ190 ዲግሪ 15 ደቂቃ ጋግሪ። ሽምብራውን አውጥተሽ ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን ትንሽ ጨምሪለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ወፍጮ ቤቱ ነው። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፣ ግን ከፊትሽ ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ካንቺ ጤፍ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፣ ላንቺ ልጅ ግን ያቺው ትንሿ ትጎዳታለች። ስለዚህ ጤፉንም ሩዙንም ተልባውንም ለቅመሽ ቤት ፍጪ፣ በደቃቅ ወንፊት ንፊ። ወንፊቱና የእንጨት መዳመጫው አዲስ ይሁኑ፣ ስንዴ ያልነካቸው። ገብስ ይሻላል የሚልሽም ካለ አትስሚው፣ ገብስም ግሉተን አለው።

ማንጎው ሳይቀዘቅዝ አትጨምሪ፣ ታቹ ይርሳል። ከልደቷ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ በትንሽ ሞክሪውና አሁንም ከተበተነ ሊጡ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ።