«የደወልኩትስ…» ብለው ተቋረጡ

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ደብረ ብርሃን ጠባሴ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ልጄ ከአሜሪካ ስትመጣ ለቤት ስልካችን መልእክት የሚቀበል ማሽን ይዛልን መጣች። «አባዬ፣ በደወልኩ ቁጥር አታነሱም። ከእንግዲህ ድምፄን ትቼ እዘጋለሁ» አለችና በሳምንቷ ተመለሰች። ማሽኑ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እናቷ «አትንካው፣ ታቃጥለዋለህ» ትለኛለች። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። እሱስ አያቅተኝም፣ ግን ስለ እኛ አገር ምንም አይልም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ ይቃጠላል። እኔ ራሴ አንድ አቃጥያለሁ። ዘመድ ያመጣልኝን ማሽን አዳፕተሩን ሳላገላብጥ ማከፋፈያው ላይ ሰካሁት። ጭስ እንኳ አላየሁም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ብቻ መጣ፣ አለቀ።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ስለዚህ ካርቶኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ አዳፕተሩን ያንሱና መነፅርዎን አድርገው ጀርባውን ያንብቡ። «ኢንፑት» ከሚለው አጠገብ «100–240» ካለ ሳይሳቀቁ ይሰኩ። «120» ብቻ ካለ አይሰኩት። ከሥሩ «አውትፑት» የሚለውን በወረቀት ይገልብጡ፣ ለምሳሌ 9 ቮልት ዲሲ፣ 300 ሚሊ አምፔር ሊል ይችላል። ወረቀቱን ይዘው ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ይሂዱና በ220 የሚሠራ ይግዙ። ቮልቱ እኩል ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ። «ዲሲ» የሚለውን በ«ኤሲ» እንዳይቀይሩብዎት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን የሚያሳየው ትንሽ ሥዕልም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከተገለበጠ ያቺኑ ሽታ ያሸቱታል።

ገመዱ ቀላል ነው። ማሽኑ ሁለት የስልክ ቀዳዳ አለው። «ላይን» የሚለው ወደ ግድግዳው፣ «ቴል» ወይም «ፎን» የሚለው ወደ ስልክዎ። ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ማሽኑን ከስፕሊተሩ (ስልኩንና ኢንተርኔቱን ከምትለየው ትንሽ ሳጥን) የስልክ ቀዳዳ ላይ ያገናኙ። አለዚያ መልእክቱ ሁሉ «ሽ…» የሚል ድምፅ ይዞ ይቀዳል። መብራት ሲሄድ ማሽኑ አያነሳም። አራት ማዕዘኗን የ9 ቮልት ባትሪ የሚያስገባ ዓይነት ከሆነ ይግዙለት፣ ሰዓቱና የቀዱት ድምፅ እንዳይጠፋ ትይዛለች። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር መብራቱንም የስልክ ገመዱንም ይንቀሉ። ብዙ ሰው መብራቱን ነቅሎ ስልኩን ይረሳል። መብረቅ በስልክ ሽቦም ይገባል።

ሰዓቱን ልጆችዎ በፈረንጅ ሊሞሉልዎት ይፈልጋሉ። እምቢ ይበሉ። እኔ ቤት እንዲህ ነው ያደረግኩት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ «3 ኤኤም» ብዬ ሞላሁት። በቃ። ቀኑን ሙሉ «ኤኤም» ይላል፣ ከምሽቱ 12 ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ «ፒኤም» ይላል። ማሽኑ ቀኑን የሚቀይረው «12 ኤኤም» ሲል ስለሆነ፣ ማክሰኞ የሚሆነው እንደኛው ሲነጋ ነው። ይቺን ነገር ሳገኝ ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ አሁንም አልገረማትም።

ስንት ጊዜ ጠርቶ ያንሳ? ከጓሮ እስኪመጡ ጊዜ ይፈልጋሉና ማሽኑ የሚፈቅደውን ከፍተኛውን ይምረጡ። ማሽኑ ካነሳ በኋላ ቢደርሱም ችግር የለም። ደዋዩ ሲናገር በድምፅ ማጉያው ይሰማዎታል፣ ቀፎውን ካነሱ አብዛኛው ማሽን መቅዳቱን ያቆማል።

«ቶል ሴቨር» የሚል ምርጫ ካለውና አዲስ አበባ የሚመላለሱ ከሆነ ግን እሱ ይሻላል። አዲስ መልእክት ካለ በ2ኛው ጥሪ ያነሳል፣ ከሌለ እስከ 4ኛው ይቆያል። ከአዲስ አበባ ወደ ቤትዎ ሲደውሉ 3ኛውን ጥሪ ከሰሙ መልእክት የለም ማለት ነው። ቶሎ ይዝጉ፣ ሒሳብ አይቆርጥም። መልእክት ካለ የሚስጥር ቁጥሩን ነክተው እዚያው ሆነው ያዳምጣሉ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ሥር ተጽፏል፣ ሁሉም ሰው ሊያነበው ይችላል፣ ይቀይሩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማሽኑን መግጠም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ችግሩ የሚደውልልን ሰው ነው።

የአባቴ እህት መንዝ፣ ሞላሌ ነው የሚኖሩት። ማሽኑን ባስገባሁ በሳምንቱ ደወሉ። ማታ ስገባ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ተጫንኩት። «ሄሎ! ሄሎ! አንተ ነህ? እንዴት ከረማችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ… አይ፣ እናንተ ከብት የላችሁም። ባለቤትህን እግሯን ተሻላት? እኛ ደህና ነን፣ ይመስገነው። ውርጩ ባቄላውን መታው እንጂ ደህና ነን። ኧረ ምነው ዝም አልክ? ተቀይመኸኛል እንዴ? እንግዲህ የደወልኩትስ…» ቢፕ። ማሽኑ አንድ ደቂቃ ነበር የተሞላው።

መልሼ ብደውል አይነሳም። የደወሉት የአጎቴ ተዝካር ቀኑ መለወጡን ሊነግሩኝ ኖሯል። እኔ በድሮው ቀን ሄጄ ያገኘሁት ባዶ ድንኳንና ድስት የሚያጥቡ ሴቶች ነበር። አክስቴ እስካሁን «ነግሬህ ነበር እኮ» ይሉኛል። ነግረውኛል፣ ምን ይደረግ?

ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ መቅዳት የጀመረው ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖውልሰን ነው፣ በ1898 እንደ ፈረንጆቹ። ያሰበውም የስልክ መልእክት ለመያዝ ነበር። ሞላሌን ግን አያውቃትም።

ስለዚህ መምህር፣ የመልእክቱን ርዝመት 1 ደቂቃ ላይ አይተዉት። 4 ደቂቃ ወይም ያለ ገደብ የሚል ካለ እሱን ያድርጉ። ዝምታ ሲረዝም ራሱ የሚዘጋ ዓይነትም አለ። አክስቴ «ምነው ዝም አልክ?» ብለው መልስ ሲጠብቁ ይዘጋባቸዋል። ያ ነገር የሚጠፋበት ቁልፍ ካለ ያጥፉት።

ሰላምታውን ራስዎ ይቅዱት። በር ይዝጉ፣ ማሽኑን አንድ ስንዝር ያህል ከአፍዎ ያርቁ፣ ቡና የሚወቀጥ ከሆነ እስኪያልቅ ይጠብቁ። የኔ የመጀመሪያው ሰላምታ ከኋላው የሙቀጫ ድምፅ ነበረው። «ሰው ቤት ካለ ለምን አታነሳም?» ብለው የተቆጡኝ አሉ። «ቤት የለንም፣ አገር ቤት ሄደናል» አይበሉ። ያን የሚሰማው ዘመድ ብቻ አይደለም። እኔ አሁን ያለው ይኼ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለጊዜው ስልኩን ማንሳት አልቻልንም። ይሄ የተቀዳ ድምፅ ነው፣ ቢጠይቁኝ አልመልስም። ቢፕ የሚል ሲሰሙ ስምዎንና የደወሉበትን ጉዳይ አስቀድመው ይናገሩ። ሰላምታውን ከዚያ በኋላ።»

«ቢጠይቁኝ አልመልስም» የምትለዋን እንዳይተዋት። ያለሷ ሰው ከድምፅዎ ጋር ይጨቃጨቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደብረ ሲና ነው የምጽፍልህ። ቆሎ አዘጋጅቼ በቤት ስልክ ትእዛዝ እቀበላለሁ። ማሽኑን ከፍቼ ስሰማ ግማሹ «ቱት ቱት ቱት» ብቻ ነው። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህቴ። ሰው የማሽኑን ድምፅ ሲሰማ ይደነግጥና ይዘጋል። ማሽኑ ደግሞ መዘጋቱን ቶሎ ስለማያውቅ የመስመሩን ቱት ቱት መልእክት መስሎት ይቀዳዋል። አንዳንድ መስመር ደዋዩ ሲዘጋ ለማሽን የሚገባ ምልክት ይልካል፣ አንዳንዱ አይልክም። ላንቺ ለመምህር ከነገርኳቸው ተቃራኒውን ነው የምመክርሽ። የአንቺ ደንበኛ «10 ኪሎ ለቅዳሜ» ብሎ ነው የሚዘጋው። ርዝመቱን 1 ደቂቃ አድርጊው፣ ቱት ቱቱም አብሮ ያጥራል። ሰላምታሽንም አሳጥሪው። ስሙን፣ ስንት ኪሎና ለመቼ እንደሚፈልግ፣ የራሱን ስልክ ቁጥር ብቻ ጠይቂው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ እንዲናገር ንገሪው፣ የቤት ስልክሽ ማን እንደደወለ ካላሳየሽ፣ በኋላ የምትደውዪበት የለሽም።

ቱት ቱቱን ግን ሳትሰሚ አትደምስሺ። እኔ ቤት በሳምንት ሁለቴ አንድ አለ። ምንም ቃል የለውም፣ ቱት ቱቱ ከመጀመሩ በፊት ግን አንዲት ደረቅ ሳል ትሰማለች። አባቴ ናቸው፣ ለማሽን አያወሩም። መልሼ እደውልላቸዋለሁ።